በሚኒባስ ልልከው የነበረው ዲግሪ

ልጄ ወልቂጤ ተምራ ከተመረቀች ሁለት ዓመት አልፏታል። ሥራ ፍለጋ ያልረገጠችው ቢሮ የለም።

አንድ ማክሰኞ ዙህር ሰግጄ እንደተነሣሁ ስልኬ ጮኸ። «አሰላሙ ዓለይኩም፣ እናቴ» አለኝ አንድ ወንድ። ቀጥሎም በእኛው በመስቃን ቋንቋ ጤንነቴን፣ ልጆቹን፣ ከብቱን ሳይቀር ጠየቀኝ። ከቡታጅራ ወጣ ብሎ ካለው ትልቁ ፋብሪካ እንደሚደውል፣ ልጄ ለሥራ እንደተመረጠች፣ ስልኳ ግን አልሠራ እንዳለው ነገረኝ። እውነትም ልጄ ቆሼ ከተማ ያለችውን አክስቷን ልትጠይቅ ሄዳ ስልኳ ተዘግቶ ነበር። ከሳምንት በፊት በፋብሪካው ስም በተከፈተ ቴሌግራም ላይ ፎርም ስትሞላ የእኔንም ቁጥር አስገብታለች።

«ዋናው ዲግሪዋ ዛሬውኑ አዲስ አበባ ቢሯችን መድረስ አለበት» አለኝ። «በሚኒባስ ሾፌር ይላኩልኝ፤ መናኸሪያ ቆሜ እቀበላለሁ። ካልደረሰ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል።»

አልተጠራጠርኩም። የቢሮ ሰው ሁሉ በአማርኛ ነው የሚያናግረኝ፤ ይህ በቋንቋዬ ስላናገረኝ ልቤ ቀለጠ። በሾፌር መላክም ለእኛ አዲስ አይደለም። አዲስ አበባ ላሉ ልጆቻችን ቆጮውንም ቅቤውንም የምንልከው እንዲሁ ነው። ዲግሪውን ከቁም ሣጥን አውጥቼ በፕላስቲክ ፋይል ከተትኩና ወደ መናኸሪያ ገሰገስኩ።

ሾፌሩ የባለቤቴ፣ አላህ ይማረውና፣ የልጅነት ጓደኛ ነው። ጣሪያ ላይ ዕቃ እያስጫነ አገኘሁት።

«ዛሬ ቆጮሽ ቀጥኗል» አለኝ ፋይሉን አይቶ።

«የልጄ ዲግሪ ነው። ሥራ አግኝታለች፣ አልሐምዱሊላህ።»

«ማሻአላህ! ማን ይቀበለኛል?»

«የፋብሪካው ሰው። ቁጥሩ ይኸው።»

«የማን ልጅ ነው?»

ስልኬን አውጥቼ ቁጥሩን ደግሜ አሳየሁት።

«አንቺ ሴት፣ ለአንድ እሽግ ቆጮ የተቀባዩን አባት፣ አያት፣ ቀበሌ ስትቆጥሪልኝ ጆሮዬ ይደክማል። ለዲግሪ ቁጥር ብቻ? ፋብሪካው ደግሞ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው። በሩ ላይ ሄደሽ ብትሰጪ ማን ይከለክልሻል?»

እየሳቀ ነበር የሚናገረው። እኔ ግን ፋይሉን ብብቴ ሥር ሸጎጥኩ። እዚያው ቆሜ ለሰውየው ደወልኩለትና «ልጄ፣ የማን ልጅ ነህ?» አልኩት በቋንቋችን። በእኛ ዘንድ ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም፤ የተጠየቀ ሰው ደስ ብሎት እስከ ቅድመ አያቱ ይቆጥራል። እሱ ግን ድንገት ወደ አማርኛ ዞረ።

«እናትዬ፣ ጊዜ የለኝም። ይላኩ፣ አለዚያ ይቀራል።»

«እንግዲያው እኔው ራሴ ፋብሪካው ወስጄ እሰጣለሁ።»

«እዚያ አይቀበሉም!»

«የራሳችሁ ፋብሪካ አይደለም እንዴ?»

ዘጋብኝ። ፋይሉን ደረቴ ላይ ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ልጄ ማታውን ከቆሼ ስትገባ ሁሉንም ነገርኳት። አላለቀሰችም፤ ራቷን ግን አልበላችም። ጠዋት ፋብሪካው እንሂድ ስላት «እማ፣ ይስቁብናል» አለችኝ።

«ይሳቁ» አልኳት።

በባጃጅ ሄድን። በሩ ላይ ድርጅቱ በስልክ ማስረጃ እንደማይጠይቅ የሚገልጽ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ውስጥ ያለችው የቅጥር ሠራተኛ ታሪካችንን ሰምታ ራሷን ነቀነቀች። «ቴሌግራሙ የእኛ አይደለም። ዋናውን ማስረጃ ከተቀበሉ በኋላ ለመመለስ ገንዘብ ይጠይቃሉ። አንዷ እስካሁን ዲግሪዋ አልተመለሰላትም።» ከዚያ ወደ ልጄ ዞረች። «ለመሆኑ ምን ተማርሽ?»

«የምግብ ሳይንስ።»

«ታዲያ ለምን አትመዘገቢም? እውነተኛው ማስታወቂያ ከጀርባሽ ነው፤ እስከ ዓርብ ይቆያል። ክፍያ የለውም።»

ልጄ ዞራ አነበበች። ድጋሚ አነበበች። እዚያው ተመዘገበች። ሠራተኛዋ ዋናውን ይዘነው ከሄድነው ኮፒ ጋር አመሳከረች፤ ኮፒውን አስቀርታ ዋናውን እዚያው በእጃችን መለሰችልን። ዲግሪ ለማየት ከዚያ በላይ አልፈጀባትም።

ለጎረቤቶቼ ነግሬያቸዋለሁ፤ ማንም በድርጅት ስም ቢደውል ስልኩን ዘግታችሁ በእግራችሁ ድርጅቱ ድረስ ሂዱ፤ እሱ በሰጣችሁ ቁጥር አታጣሩ። ቋንቋችሁን ስለተናገረም አትመኑት። በመናኸሪያው ቀልድ ልጄን ያተረፈልኝ ጌታ ምስጋና ይግባው።

የፋብሪካው የጽሑፍ ፈተና ሰኞ ነው። ልጄ ጓዳ ገብታ ድምፅ እያወጣች ታጠናለች። ሻይ ላስገባላት በሩን ከፈት ሳደርግ «እማ፣ ቆይ አንዴ! ይቺን ልጨርስ» ትለኛለች። እኔም ሻዩን እንደያዝኩ በሩ ላይ እቆማለሁ።