እንግዳዋ ስታጨበጭብ

ልጅ እያለሁ፣ መርሳ ከተማ ውስጥ፣ ጠዋት የትምህርት ቤታችን የሰንደቅ ዓላማ መዝሙር ሲጀመር በአጥሩ ሥር የሚያልፍ መንገደኛ ሁሉ ባለበት ቀጥ ይል ነበር። ወደ ገበያ አህያ የሚነዳው ሰውዬ ሳይቀር ይቆማል። አህያዋ ግን ጭነቷን ይዛ መንገዷን ትቀጥላለች፤ እሱም መዝሙሩ እስኪያልቅ በዓይኑ ብቻ ይከተላታል። እኛ ደግሞ ሰልፉ ውስጥ ሳቃችንን አፍነን እንሞታለን።

አባባ የዚያ ትምህርት ቤት ዘበኛ ነበር። ሥራው በየዓመቱ ሰኔ ላይ በሚታደስ ውል ነው። ስለዚህ ቤታችን ውስጥ ግንቦት ከገባ እናቴ ድምፅዋን ቀንሳ ነው የምታወራው፤ ርዕሰ መምህሩ ጓሯችን ቆሞ የሚያዳምጥ ይመስል። እኔም የእሷ ፍርሃት ተጋብቶብኝ ነበር።

አምስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ልክ በዚያው በግንቦት፣ አቅራቢያችን ያለውን የሲሪንቃ እርሻ ምርምር ልትጎበኝ የመጣች አንዲት ፈረንጅ ለትምህርት ቤታችን ግቢ የማንጎ ችግኝ ይዛ እንደምትመጣ ተነገረን። ርዕሰ መምህሩ አባባን ጠራውና፣ «ጋሽ ሰይድ፣ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል አጠገቧ ይቁሙ። ነውር ነገር ብትሠራ እርስዎን ነው የምጠይቀው» አለው። አባባ ደግሞ የፈረንጅ ቋንቋ የሚባል አያውቅም። ማታ እራት ቀርቦ እሱ በምልክት ሊያሳያት ይለማመዳል፤ እጁን ወደ ታች ይዘረጋል፣ ቆቡን ያወልቃል፣ መልሶ ያደርጋል። እናቴ፣ «ካልገባትስ?» ስትለው፣ «አላህ ያውቃል፣ ኢንሻአላህ ይገባታል» አለ። እኔ ግን ቁጭ ብትልስ፣ መሀላችን እየገባች ፎቶ ብታነሳስ እያልኩ እራቴን ሳልጨርስ ተነሳሁ።

በማግስቱ መጣች። ሰፊ ባርኔጣ አድርጋለች። አባባ ቆቡን አውልቆ ብብቱ ሥር ሲሸጉጥ አየችና የራሷን አወለቀች። እጁን ዘርግቶ ቀጥ ሲል እሷም ቀጥ አለች። መዝሙሩ ሲጀመር ከንፈሬን ብቻ ነበር የማንቀሳቅሰው፤ ዓይኔ እሷ ላይ ነው። ዝንብ ጉንጯ ላይ አረፈባት፤ ንቅንቅ አላለችም። ባንዲራው ጫፍ ደረሰ፣ መዝሙሩም አለቀ። እፎይ ልል ስል ማጨብጨብ ጀመረች።

ምናልባት በአገሯ ልጆች ደህና አድርገው ሲዘምሩ ይጨበጨብላቸው ይሆናል። እኛ ዘንድ ግን ለሰንደቅ ዓላማ አይጨበጨብም፤ ይህን የአንደኛ ክፍል ሕፃን እንኳ ያውቃል። ግቢው በሙሉ ጭጭ አለ። ቢያንስ አንድ ሰው ቢስቅ ይሻለኝ ነበር። እሷም ዝምታው ገባትና ዙሪያዋን አየች፤ እጇ እየዘገየ ሄደ፤ ፊቷ ቲማቲም መሰለ። እኔ የእናቴ ፊት ድቅን አለብኝ፤ በቃ፣ ውሉ ቀረ አልኩ።

ይሄኔ አባባ ማጨብጨብ ጀመረ። ቆቡን ብብቱ ሥር እንደያዘ፣ ርዕሰ መምህሩን ፊት ለፊት እያየ፣ በዚያ ሻካራ መዳፉ ጮክ አድርጎ። እሷ ዘወር ብላ አየችው፤ ፈገግ አለች።

አንዱ መምህር ወደ ችግኞቹ ይዟት ሲሄድ ርዕሰ መምህሩ ወደ አባባ መጣ። እኛ ገና ከሰልፍ አልተነሳንም።

«ጋሽ ሰይድ፣ እሷስ አታውቅም። እርስዎን ምን ነካዎት?»

«ወላሂ ነውር መሆኑን አውቃለሁ» አለ አባባ። «ግን እንግዳ ናት። ብቻዋን ትፈር እንዴ?»

ርዕሰ መምህሩ ወደ ሰልፉ ዞረና፣ «ወደ ክፍል!» ብሎ ጮኸብን።

ሰኔ እስኪደርስ በየጠዋቱ የርዕሰ መምህሩን ፊት ሳነብ ከረምኩ። ተቆጥቶ ይሆን፣ ረስቶት ይሆን፣ የሚያስታውቅ ነገር አልነበረውም። በኋላ ውሉ ታደሰ፤ ስለዚያ ቀን ግን ማንም ምንም አላነሳም። እናቴ ድምፅዋ ተመለሰላት።

አሁን ወልድያ ነው የማስተምረው። መዝሙሩ በድምፅ ማጉያ እየተሰማ ባጃጆች ክላክሳቸውን እያንጫረሩ በአጥሩ ሥር ያልፋሉ፤ የሚቆም ጥቂት ነው። አባባ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው። ዘንድሮ ለሥልጠና ሌላ አገር ሄጄ ሳለ፣ አዳራሹ በሙሉ ለብሔራዊ መዝሙራቸው ብድግ አለ። እንግዳ ምን ማድረግ እንዳለበት ቀደም ብዬ ስልኬ ላይ አንብቤ ነበር፤ ቁሚ፣ ዝም በይ፣ መዘመር አይጠበቅብሽም ይላል። ሁሉንም እንደተጻፈው አደረግሁ። ዓይኔ ግን አጠገቤ የቆሙትን ሰዎች እጅ ይከታተል ነበር፤ ብሳሳት አብሮኝ የሚሳሳት ሰው በዚያ አዳራሽ ውስጥ አልነበረም።