ዋሴና የአቀባበሉ እሁድ

በገንዳ ውሃ ከተማ የዋሴ ስም ሲነሳ አብሮ የሚነሳው አንድ ነገር ነው፤ አገር ሊያከብረው የወጣለትን ዘፋኝ ከአምስት ሺህ በማያንስ ሰው ፊት ዱላ አንስቶ መመለሱ። አብዛኛው ሰው የሚያወራው ያላየውን ነው። እኔ አይቻለሁ፤ ከጥፋቱም ድርሻ አለኝ።

ዋሴ ስድሳ ሁለት ዓመቱ ነው። በሃያ ዓመቱ ለሰሊጥ አጨዳ ከበለሳ ወርዶ በዚያው ቀረ። ለሃያ ስድስት ዓመት በሰው እርሻ ላይ ካቦ ሆኖ አጫጆችን ሲመራ ኖረ። የእኔ የሚለውን መሬት ያገኘው ጉልበቱ ካለቀ በኋላ ነው፤ ከከተማው ጫፍ፣ ከአስፋልቱ ሥር፣ ሁለት ሄክታር። እሱና ባለቤቱ አሰበች ዓመቱን የሚከርሙት ከዚያች መሬት በሚወጣው ሰሊጥ ነው፤ ሌላ የላቸውም።

ዘፋኙ ወንድማገኝም እዚሁ ያደገ ልጅ ነው። እናቱ ለእርሻ ሠራተኛ ወጥ ትሠራ ነበር። በአሥራ አምስት ዓመቱ ማጭድ ይዞ ከዋሴ ሥር ገባ፤ ግን ከአጫጆቹ ሰልፍ ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይቀራል። ባለ እርሻው «ይባረር» ሲል ዋሴ እንዲህ አለ ይባላል፦ «እጁ ሰነፍ ነው፣ እውነት ነው። አፉ ግን የአራት ሰው ያጭዳል።» ከዚያ ወዲህ ልጁ በሰልፉ ፊት እየሄደ ግጥም ይፈጥራል፣ የደከመውን ይሰድባል፣ የበረታውን ያወድሳል፤ ዋሴም እንደ አንድ ሙሉ አጫጅ ይቆጥረዋል። ዛሬ አገር የሚዘፍናቸው ዘፈኖች እዚያ ነው የተጀመሩት።

ወንድማገኝ ሊመጣ ነው ሲባል ኮሚቴ ተቋቋመ፤ አንዱ አባል እኔ ነበርኩ። ይህን ያህል ሕዝብ የሚይዝ ሜዳ ሲጠፋ ከዋሴ ማሳ አጠገብ ያለውን ጦም ያደረ መሬት የጠቆምኩትም እኔ ነኝ። አቀባበሉ የታሰበው ለጥቅምት አጋማሽ ነበር፤ ያን ጊዜ በዚያ በኩል የቆመ ሰሊጥ አይኖርም። ዘንድሮ ግን ዝናቡ በሦስት ሳምንት ዘግይቶ ነበር፣ አዝመራውም እንደዚያው። ኮሚቴው ውስጥ ከሰሊጥ እንጀራ የማይበላ ሰው አልነበረም፤ ሆኖም ሰማዩን ትተን የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ አየን።

ሐሙስ ዕለት ዋሴ ቤቴ መጣ።

«መምህር፣ ቀኑን ይግፉልኝ። ሂላዬ አፉን ሊከፍት ነው።»

የታጨደው ሰሊጥ ታስሮ፣ እርስ በርሱ ተደጋግፎ ሲቆም ሂላ ይባላል። ሲደርቅ ፍሬው አፉን ይከፍታል፤ ያን ጊዜ ፍየል ብትታከከው እንኳ መሬት ላይ ይፈስሳል። ሳይከፍት ቢመቱት ደግሞ አይለቅም።

«ሰውየው የሚመቸው እሁድ ብቻ ነው» አልኩት። «ገመድ ይወጠራል፣ ጥበቃም ይቆማል።»

«ገመዱ ዘፈን ሲሰማ ይቆማል?»

«ዋሴ፣ የሚመጣው እኮ ያሳደግኸው ልጅ ነው።»

«እሱ ነው ያስፈራኝ» አለና ተነሣ።

እሁድ ሲነጋ ሂላው ከፍቶ አድሮ ነበር። ዋሴ ሠራተኛ ፍለጋ ወደ ከተማ ሮጠ፤ አንድም የሚከተለው አጣ። «ዛሬ ማን ይሠራል ጋሼ? ይልቅ አንተም ታጠብና ና» አለው አንዱ የጎጃም ልጅ እየሳቀ። ተመልሶ ከአሰበች ጋር ሸራ ዘረጉ፤ እሷ ነዶውን እንደ ሕፃን አቅፋ ታመጣለች፣ እሱ ሸራው ላይ ዘቅዝቆ በዱላ ይመታል። አርባ ሂላ ነው፤ ያላቸው ጊዜ ደግሞ ጥቂት ሰዓት።

አራት ሰዓት ላይ እንግዳው ደረሰ። ሜዳው ሞልቶ ገመዱ እንደ ቀስት ተለጥጧል። ከጎኔ የተቀመጠው ባለሥልጣን ወደ ማሳው አገጩን ቀስሮ «ያ ጀርባውን የሰጠን ሰው ማን ነው?» አለ።

«ሰሊጥ እያራገፈ ነው» አልኩ።

«ዛሬ?»

የኮሚቴው ጸሐፊ ባንተአምላክ ፊቱ ጠቆረ። «ላስነሣው?»

«ተወው» አልኩ፤ ድምፄ ግን እኔን ራሴንም አላሳመነኝም።

ወንድማገኝ የተሸለመውን ካባ ደርቦ ማይክ ያዘ። ንግግር ተጽፎለት ነበር፤ አላነበበውም። «ጋሽ ዋሴ የት አለ?» ሲል ጠየቀ። ሺህ ጣት ወደ ማሳው ተቀሰረ። ከመድረኩ ወርዶ እጁን ዘርግቶ ወደዚያ ሄደ። ሕዝቡም ተከተለው፤ እኔም አብሬ። ገመዱ ሲበጠስ እንኳ ማንም አላየውም፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሂላዎች ከጎረምሶች እግር ሥር ወደቁ። አሰበች ከሦስተኛው ፊት ደረቷን ሰጥታ ቆመች።

ዋሴ ዞረ። ዱላውን አነሣ።

«ወንድማገኝ፣ አትምጣብኝ።»

ዘፋኙ ከሃያ እርምጃ ላይ ቀጥ አለ። ፊቱ ሲከስም አየሁ። ከኋላ ሰው ይገፋል፤ «ሽማግሌው ቀንቷል» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ሌላው «ለሰሊጥ ብሎ ነው ሰው የሚያዋርደው?» አለ። አንድ ጠባቂ ወደ ዋሴ መራመድ ጀመረ። ክብር የሚሰፋበት ቦታ ይፈልጋል፤ ቦታው የማን እንደሆነ ግን አይጠይቅም። ይህን ስንት ዘመን አስተምሬ፣ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ወንድማገኝ ጠባቂውን በክንዱ ከለከለ። አጎንብሶ የወደቀውን ነዶ ተመለከተ። ከዚያ ፊቱን ወደ ሕዝቡ አዙሮ፣ ያለ ማይክ፣ ያለ ሙዚቃ መዝፈን ጀመረ። እየዘፈነም ወደ እነሱ ይራመዳል፤ ወደፊት የሚገፋው ሕዝብ አንድ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይሸሽለታል። እንዲያ አድርጎ እስከ አስፋልቱ ወሰዳቸው። ዋሴ ግን ቆሞ አላዳመጠም፤ ዱላውን ወደ ነዶው መለሰ።

መንገዱ ሳይመሽ የሚታለፍ ስለሆነ እንግዳው በስምንት ሰዓት ከአጃቢዎቹ ጋር ወደ ጎንደር ተነሣ። ሁለቱ ሳይጨባበጡ ቀሩ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወደ ማሳው ወረድኩ። የቀረ ሂላ አልነበረም። ባልና ሚስት አቧራ ለብሰው ሰሊጡን በወንፊት ይነፋሉ። ይቅርታ ልጠይቅ ነበር የሄድኩት፤ ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ወንድማገኝ ተቀይሞህ ይሆን?»

ዋሴ ወንፊቱን አስቀመጠ። «አይ መምህር። ሲመለስ አላዩትም? በሂላዎቹ መካከል በጎኑ ነው ያለፈው፤ ካባው ነዶ እንዳይነካ ጫፉን ሰብስቦ ይዞ። ልጁ የሰሊጥን ጠባይ አልረሳም።»

አሰበች ቀና አላለችም። «ቢሆንም» አለች፣ «እኔ ጎረምሶቹን ከሂላው ስመልስ መልኩን አላየሁትም። ጀርባውን ብቻ ነው ያየሁት።»

ዋሴ ወንፊቱን መልሶ አነሣ። ከሸራው ዳር ተቀምጬ ሌላውን ወንፊት ያዝኩ።