ሦስት ዕቃ

ውጊያ ላይ ፍንዳታ ጭንቅላቴን ከመታኝ ወዲህ ሐሳቤ የተቀደደ ጆንያ ሆኗል፤ የገባውን አይዝም። ድንገተኛ ድምፅ ስሰማ ደግሞ ሰውነቴ እኔን ሳያማክር መሬት ይይዛል። ሰው ይስቃል፣ እኔ እናደዳለሁ።

የምኖረው እህቴ ቤት፣ ሳሎን ውስጥ ነው። እኔ ጋደም ካልኩ ልጆቿ ቴሌቪዥኑን ዘግተው በሹክሹክታ ያወራሉ። መርካቶ፣ እህል በረንዳ ጀርባ የምትከራይ አንዲት ጠባብ ክፍል አግኝቻለሁ፤ ምኞቴ ሁሉ እሷ ናት። የምታክመኝ ባለሙያ፣ «ጋሼ፣ በሳምንት አንዴ ሦስት ዕቃ እነግርዎታለሁ። ሳይጽፉ፣ ሰው ሳይጠይቁ መርካቶ ገዝተው ይምጡ። አራት ጊዜ ከተሳካልዎት ብቻዎን መኖር ይችላሉ» አለችኝ። እህቴ አጠገቤ ተቀምጣ ትሰማ ነበር።

ሦስት ሳምንት ተሳካልኝ። የምገዛው ከድሮ ደንበኛዬ ሱቅ ነው። የዕቃው ስም ጠፍቶኝ ስደናቀፍ «ሻማስ አትፈልግም?» ይለኛል። ነጋዴ አይደል፣ ሊሸጥ ፈልጎ ነው እል ነበር።

በአራተኛው ሳምንት የእህቴ ልጅ ስለታመመ ወደ ባለሙያዋ ብቻዬን ሄድኩ። ሳሙና፣ ክብሪት፣ ነጭ ክር ተባልኩ። ሱቁ ስደርስ አፌ ተያዘ። ባለሱቁም ዛሬ «ሻማስ?» አላለኝም።

«ዛሬ እኮ እህትህ አልደወለችም» አለና ደነገጠ።

ደሜ ፈላ። ዕቃዎቹን ቀድማ ስትነግረው የከረመችው አዝናልኝ ነው ወይስ ቤቱ ጠቧት? እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም፤ መልሱን እፈራለሁ።

ምንም ሳልገዛ ወጣሁና ማንም ወደማያውቀኝ ወደ ሶማሌ ተራ አቅጣጫ ተሻገርኩ። ሳሙናውን አስታውሼ ገዛሁ። ክብሪቱንም። በዚህ መሀል ከጭነት መኪና ላይ ብረት ተራገፈ። ራሴን ያገኘሁት መሬት ላይ ነው። አንድ ተሸካሚ «መንገድ! መንገድ!» እያለ ዞሮኝ አለፈ። ስነሳ ሦስተኛው ዕቃ ከጭንቅላቴ ጠፍቷል። ከሱቅ ሱቅ እየዞርኩ የተደረደረውን ሁሉ አየሁ፤ አንዱም አላስታወሰኝም።

ለባለሙያዋ ሁሉንም ነገርኳት፣ የስልኩንም ጭምር። ክሩን ያስታወሰችኝ እሷ ናት። «እንግዲህ ከመጀመሪያው እንጀምራለን፣ ጋሼ» አለች።

ቤት ስገባ ብርድ ልብሴ ታጥቦ፣ ተጣጥፎ፣ በማዳበሪያ ታስሮ በሩ አጠገብ ተቀምጧል።

«ስንት አመጣህ?» አለች እህቴ።

«ሁለት። ብቻዬን።»

ጎንበስ ብላ ማዳበሪያውን ፈታችና ብርድ ልብሱን ሳሎን ውስጥ መልሳ አነጠፈችልኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።