ቀዳዳ የሌለው ጥይት

አሜሪካ፣ ካልቨር ሲቲ ውስጥ የምንከባከባቸው የነበሩት ሽማግሌ በሥራ ዘመናቸው ለፊልም ስቱዲዮዎች የጦር መሣሪያ ያቀርቡ ነበር። ጡረታ ሲወጡ የቀሯቸው አንድ ወንድ ልጅና በመስታወት ሳጥን የተደረደሩ አሥራ አንድ ሽጉጦች ናቸው። ሁሉም በሚሽከረከር ቋት ስድስት ጥይት የሚይዙ፣ ስድስት ጎራሽ ነበሩ፤ የአሜሪካ ፈረሰኛ ጦር ምዕራቡን ሲያቀና ይታጠቃቸው የነበሩ።

ሥራ በጀመርኩ በአራተኛው ቀን ቁርሳቸውን ይዤ ስገባ አንዱን ደገኑብኝ። አባቴ ፖሊስ ስለነበር ሽጉጥ አውቃለሁ። ጎራሽ ሽጉጥ ጥይት ካለው ከፊት ሲታይ የጥይቱ እርሳስ ጫፍ ከአፈሙዙ ግራና ቀኝ ይታያል። አየሁ፤ ባዶ ነበር። ምላጩን ሳቡ፤ ቀጭ አለ።

«አልጮህሽም» አሉኝ።

«እንቁላሉ ይቀዘቅዝብዎታል» አልኳቸው።

ከእኔ በፊት የነበረችው ሴት ለልጃቸው ብትነግረው «አባቴ ቀልደኛ ነው» ብሎ በሳምንቱ አሰናብቷታል። እኔ መሰናበት አልችልም ነበር። አዲስ አበባ የቀረችውን ልጄን ለማምጣት ፋይል ከፍቼ፣ ቪዛዋ እስኪመታ ድረስ ቋሚ ሥራ እንዳለኝ የሚያሳይ ወረቀት ያስፈልገኝ ነበር።

ሥራውን ያገኘችልኝ ሐበሻ በሚበዛበት በፌርፋክስ ጎዳና ሱቅ ያላት ጎረቤቴ ናት። ስነግራት ሳቀች።

«እትዬ፣ ሶ ሰውዬው በየቀኑ ይተኩስብሻል? እኔ ብሆን ሳህኑን ነበር ፊቱ ላይ የምደፋው!»

«አንቺ ልጆችሽን አስገብተሻል» አልኳት። ሳቋን አቆመች።

እየዋለ ሲያድር ባዶ ሽጉጥ መደገን ሰለቻቸውና ጥይት ማጉረስ ጀመሩ። ጥይቶቹ የሽጉጦቹ እኩዮች፣ ቀለሃቸው መዳብ የሆነ፣ አጫጭርና ወፋፍራም ነበሩ። ባሩዳቸው የወጣ ጥይቶች ለምልክት ጎናቸው ላይ ተበስተዋል፤ ይህን ያስተማሩኝ ራሳቸው ናቸው። ያልተበሱት፣ ባሩድ ያላቸው፣ በቆርቆሮ ሳጥን ተቆልፈው ይቀመጡ ነበር። የሚያጎርሱት አምስት ብቻ ነው። ፈረሰኛውም ፈረስ ሲዘል እንዳይባርቅበት ስድስተኛውን ባዶ ይተወው እንደነበር ነግረውኛል። ቀዳዳው ግን ከፊት አይታይም፤ የሚታየኝ እርሳሱ ብቻ ነው። ይህንንም ያውቁ ነበር።

«ዛሬስ የተበሳው ይመስልሻል?» ይሉኛል።

«መድኃኒትዎን ይዋጡ» እላለሁ።

አንድ ጠዋት እንደተለመደው ደገኑ፤ ሳቡ፤ ቀጭ አለ። ሻወር ቤት ወንበራቸው ላይ አስቀምጫቸው ሽጉጡን ወደ ቦታው ልመልስ ጥይቶቹን አራገፍኩ። ስድስት ወጡ። አምስቱ ተበስተዋል። ስድስተኛው ቀዳዳ የለውም፤ ቂጡ ላይ ግን መቺው የወጋው አዲስ ስርጉድ አለ።

ጥይቱን በመሐረብ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ጀርባቸውን ላጥብ ሄድኩ። ማታ የቆርቆሮ ሳጥኑን ቁልፍ ከመሳቢያቸው ወስጄ አውቶቡስ ፌርማታው ጋ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣልኩት። እሳቸው ስለ ጥይቱ አልጠየቁኝም። እኔም በማግስቱ ቁርሳቸውን ይዤ ገባሁ።

ልጄ ከሰባት ወር በኋላ ገባች። በማግስቱ የሽማግሌው ልጅ አባቱን ሊጠይቅ ሲመጣ መሐረቡን ፈትቼ ጥይቱን መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት፤ የት እንዳገኘሁትም ነገርኩት። ገልብጦ ስርጉዱን አየና ወደ አባቱ ዘረጋው። አባቱ ተቀብለው በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«እርጥበት ገብቶት ነው ያልተኮሰው» አሉ። «ጥሩ ጥይት ነበር።»

በዚያው ሳምንት ልጁ ሽጉጦቹን ጭኖ ወደ ቤቱ ወሰዳቸው። እኔን ግን እንዳልሄድ ለመነኝ። አሁን መሄድ እችል ነበር፤ ቀረሁ።

ሽማግሌው ባዶውን የመስታወት ሳጥን ሲያዩ ይውላሉ። ቁርስ ይዤ ስገባ ቀኝ እጃቸውን ይዘረጋሉ።

«አንዷን ብቻ፤ ልያዛት ብቻ። እባክሽ።»

ከዚያ በፊት እባክሽ ብለውኝ አያውቁም። አንድ ቀን ልጃቸው ስልክ ደወለ። አንዷን ሽጉጥ እንዳትተኩስ አድርጎ፣ እጃቸው ላይ እንድትውል ሊያመጣላቸው አስቧል።

«አባቴ ይፈልጋታል?» አለኝ።

«የለም፤ ረስተውታል» አልኩት።

በማግስቱ እጃቸውን ሲዘረጉ ማንኪያ አስያዝኳቸው። ጣሉት። አነሳሁና አጥቤ መልሼ አስያዝኳቸው።

«እንቁላሉ ይቀዘቅዝብዎታል» አልኳቸው።