አነሩ ላይ የቀረው መዳፍ

ፊት ለፊት ስንገናኝ «ጋሼ» እና «እርስዎ» እለዋለሁ፤ ያደግሁበት ነው፣ ከአፌ አይጠፋም። እዚህ ወረቀት ላይ ግን «መጣ» እና «አለ» ነው። አንቱታዬን ያጣው አንድ እሑድ ከሰዓት ነው፣ በገዛ እጁ።

የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው። ኮሎምበስ ውስጥ ከአሜሪካኖች በተከራየነው አዳራሽ በአማርኛ እናመልካለን። እኔ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ነው የምሠራው፤ ከሺፍት ስመለስ ዋይትሆል ባለው አፓርትመንታችን፣ የምግብ ጠረጴዛው ላይ እስላለሁ። የምስለው ሁለት ነገር ነው፤ ተራራና የዱር ድመት። ነብር፣ አነር፣ አንዳንዴም የኦሃዮን ጭራ ቆራጣ የዱር ድመት። ለምን እሱን ብቻ የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ፊታቸው ደስ ይለኛል። እኔ ለእንጀራዬ ስል ቀኑን ሙሉ ፈገግ ስል እውላለሁ፤ እነሱ ለማንም ፈገግ አይሉም።

የመጀመሪያው ኤግዚቢሽኔ እዚያው አዳራሽ ነበር። ፓስተሩ ፈቅዶልኝ ቅዳሜ ሰቀልኩ። መሐል ላይ ያኖርኩት ትልቁን አነር ነው፤ ወፍራም ወረቀት ላይ በከሰልና በቾክ የተሠራ፣ ከጀርባው የባሌ ተራራ ያለበት። ክረምቱን ሙሉ በሱ ነው ያሳለፍኩት። መስታወት አልነበረውም።

እሑድ ከሥራ ዩኒፎርሜን እንኳ ሳልቀይር ስደርስ፣ ሽማግሌው ከሦስት ሰዎች ጋር አነሩን ከቦ ይጸልያል። ለበሽተኛ የሚቀባውን የወይራ ዘይት መዳፉ ላይ አፍስሷል። እዚያው በር ላይ እንደቆምኩ፣ «አንተ የአውሬ መንፈስ፣ ልቀቅ» ብሎ መዳፉን አነሩ ፊት ላይ ለጠፈው።

ዘይት ወረቀት ውስጥ ከገባ አለቀ፤ አይወጣም። ይህን ለማወቅ ሠዓሊ መሆን አያስፈልግም፣ ሳምቡሳ በወረቀት ጠቅልሎ ያየ ሁሉ ያውቀዋል።

«ምን እያደረጉ ነው ጋሼ?» አልኩት።

«ልጄ፣ ተራራው ይቆይ፤ እሱ የጌታ ሥራ ነው። ይሄኛው ግን ዓይኑ ሰው ይከተላል።»

«አነሩንስ ማን ፈጠረው?»

እጁን በሶፍት ጠረገና ሻይ ወዳለበት ሄደ። ሥዕሎቼን አንድ በአንድ አውርጄ መኪናዬ ውስጥ ከተትኩ፤ ያገዘኝ ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ከሱ የምፈልገው አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፤ «አጠፋሁ»። ሳምንት ጠበቅኩ፣ ወር ጠበቅኩ። በተገናኘን ቁጥር «ተባረኪ» ይለኛል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

እናቴ «ተዪው፣ በቀል የእኔ ነው ብሏል ጌታ» አለችኝ። አውቃለሁ፤ እኔ ትንሽ ላግዘው ብዬ ነው።

ያን እሑድ ቤት ወስጄ ወረቀቱን ሳየው መዳፉ ቁልጭ ብሎ ታትሟል። የሽማግሌው የቀኝ እጅ ጠቋሚ ጣት ግማሹ የለም፤ ድሮ መጋዘን ሲሠራ ማሽን ወስዶበታል። ያ ጉራጅ ጣት የአነሩ ግራ ዓይን ላይ አርፏል። መጮኽ የነበረብኝ ጊዜ ነበር፤ እኔ ግን ሥዕሉን ሳልነካ በመስታወት ፍሬም አስደረግኩት።

በዓመቱ ፍራንክሊንተን ውስጥ፣ የድሮ ፋብሪካ በነበረና አሁን ሠዓሊዎች በሚሠሩበት ሕንፃ፣ ሁለተኛውን ኤግዚቢሽን ከፈትኩ። አነሩን ከበሩ ፊት ለፊት ሰቀልኩት። ሥሩ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጻፍኩ፤ «አነር። ከሰል፣ ቾክ እና የወይራ ዘይት»። ከዚያ በቤተ ክርስቲያኑ የስልክ ግሩፕ ሁሉንም ጋበዝኩ። ለሱ ለብቻው ኮል አደረግኩለት። «ጋሼ፣ ያለ እርስዎ አይሆንም» አልኩት፤ አልዋሸሁም።

ሱፉን ለብሶ መጣ። ሥዕሉ ፊት ከኳየር እህቶች አንዷ ቀድማው ቆማ ነበር።

«ውይ፣ ይቺን እጅማ አውቃታለሁ» አለች፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ። «ስንቴ ግንባሬ ላይ አርፋለች።»

ሰው ዞረ። መጀመሪያ ሥዕሉን አየ፣ ቀጥሎ እሱን። ቀኝ እጁ ኪሱ ውስጥ ገባ፤ ምሽቱን ሙሉ ከዚያ አልወጣም። ሊሰናበቱት የመጡትን ሁሉ በግራው ጨበጠ። ሽማግሌ በግራ እጁ ሲጨብጥ አስቡት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ከዚያ ወዲህ በጸሎት ጊዜ እጁን ሰው ላይ መጫን ተወ። ካነሳው ሰው ዓይኑን ጨፍኖ በመጸለይ ፈንታ ጣቱን ያያል። ወጣቶቹ ይጎሻሸማሉ። እሱም ያውቃል።

ባለፈው መከር እናቴ ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ተደረገች። ቤት እንደገባች ሽማግሌው መጥቶ እንዲጸልይላት ጠራችው፤ ትወደዋለች፣ ምን ይደረግ። መጣ። ሶፋው አጠገብ ቆሞ ጸለየ፣ ቀኝ እጁ ኪሱ ውስጥ እንዳለ።

«ምነው ወንድሜ፣ እጅህን ጫንልኝ እንጂ» አለችው።

እሱ እኔን አየኝ። «ልጄ፣ ያንን ሥዕል ብታወርጂው?»

«ዋይንላንድ ፓርክ ሌላ ኤግዚቢሽን አለኝ» አልኩት። «እዚያም እሱ ነው ፊት የሚሰቀለው።»

«ተይ እንጂ አንቺ ልጅ» አለች እናቴ።

«ጌታ ይቅር ይበለኝ» አለ እሱ።

«ጌታን አይደለም የበደሉት ጋሼ። እኔን ነው።»

ዓይኑን ምንጣፉ ላይ ተክሎ፣ «አጠፋሁ» አለ። ስንት ጊዜ የተመኘኋት ቃል ናት። ስሰማት ልቤ የሚያርፍ መስሎኝ ነበር። አላረፈም። እናቴ ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛ ታየኛለች።

«ይጫኑላት» አልኩት። «መጀመሪያ ግን እጅዎን ይታጠቡ።»

ወደ ኪችን ሄዶ ቀኝ እጁን ከኪሱ አወጣ። በዕቃ ማጠቢያው ሳሙና አሸው፤ ጣቶቹን፣ ያቺንም ጉራጇን፣ ደጋግሞ። ቧንቧውን ዘግቶ እጁ ውሃ እያንጠባጠበ ወደኔ ዞረ። ፎጣው ትከሻዬ ላይ ነበር። አላቀበልኩትም።