በሁለት ጾም መሃል የተበላ ሳምቡሳ

ሐርጌሳ ውስጥ ቄስ አልነበረም፤ ስለዚህ ቄሱ እኔ ነበርኩ። ማንም አልሾመኝም። የትምህርት ቤት ደጅ ረግጬ አላውቅም፤ ማንበብን ራሴን በራሴ አስተማርኩ፣ ጄኔሬተር ፈትቶ መግጠምን ራሴን በራሴ አስተማርኩ፣ ሃይማኖትንም በዚያው መንገድ ያዝኩት። ጄኔሬተር የፈታ ሰው ሃይማኖት ሊከብደው አይችልም ብዬ አምን ነበር። አሁንም አምናለሁ።

ጊዜው ከተማዋ ከጦርነቱ በኋላ እንደገና የምትሠራበት ነበር። ሰው ከስደት ካምፕ እየተመለሰ ጣሪያ በሌለው ቤቱ ላይ ሸራ ይወጥራል። ሸራው ከተወጠረ በኋላ አምፖል ያምረዋል፤ አምፖል ሲያምረው ደግሞ እኔን ይጠራል። በሰፈራችን በኮድቡር የትኛው ጄኔሬተር ስንት ቤት እንደሚችል፣ ሽቦው በየትኛው የፈረሰ ግድግዳ ላይ ቢያልፍ ፍየል እንደማይበጥሰው ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። «ኢንጂነር» ይሉኝ ነበር። አላረምኳቸውም፤ እውነት የተናገረ ሰው ምን ተብሎ ይታረማል?

እሑድ እሑድ ጠዋት የተከራየናትን ቤት መስኮት ዘግቼ ለጉባኤዬ እሰብካለሁ። ጉባኤው ባለቤቴና የስምንት ዓመት ልጄ ናቸው። ባለቤቴ በስብከቱ ሰዓት ምስር ትለቅማለች። ጆሮ ሥራ ሲይዝ እጅ ለምን ይፈታል ትላለች። ልጄ ግን አፏን ከፍታ ነበር የምትሰማኝ፤ ከዚያ በላይ ጥሩ አድማጭ አጋጥሞኝ አያውቅም። ጉዳቱም የመጣው ከዚያ ነው።

አንድ እሑድ ስለ ሥጋ ሰበክሁ። የአገራችንን ደንብ አንባቢ ያውቀዋል፤ እኛ የእነሱን እርድ አንበላም፣ እነሱም የእኛን አይበሉም። ዋሄን ገበያ የሚሸጠው ሥጋ በሙሉ በሙስሊም የታረደ ስለሆነ፣ እኛ ቤት ሥጋ የሚባለው በዓመት ሦስት ጊዜ በስመ አብ ብዬ የማርዳት ዶሮ ነበረች። ያን ቀን ንግግሬ ሞቀና «የእስላም ሥጋ የበላ ክርስቲያን በዚያው ሰዓት ከክርስትና ወጥቷል፤ ማተቡንም ይበጥስ» አልኩ። ይህንን የትም አላነበብኩትም። ግን ስናገረው አማረብኝ፤ ስለዚህ ደገምኩት።

ባለቤቴ ከምስሯ ቀና ሳትል «ሦስት ሰው ነን፤ አንዱን ካስወጣህ ሁለት ልንቀር ነው» አለች።

ያን ዓመት የገና ጾምና ረመዳን ተገጣጠሙ። ቀን ከተማው ሁሉ ስለሚጾም አደባባይ ላይ ውኃ መጠጣት ነውር ነው፤ ማታ እነሱ ሥጋቸውን ሲበሉ እኔ ሽሮዬን እበላለሁ። ስለዚህ ሐርጌሳ ውስጥ ከሁሉም አብልጬ የጾምኩት እኔ ነኝ ብዬ ለባለቤቴ ነገርኳት። «እግዚአብሔርም እየሰማህ ነው፤ ድምፅህን ትንሽ ቀንስ» አለችኝ።

ጎረቤታችን ድሬዳዋ ያደገች፣ አማርኛዋ ከእኔ የማያንስ ሶማሊያዊት ነበረች። በመሃላችን የነበረው ግንብ በጦርነቱ ፈርሶ ስለነበር ልጄ በፍርስራሹ ላይ እየተራመደች ሲያሻት ትሄዳለች፣ ሲያሻት ትመለሳለች። ኤዶ ትላታለች፣ አክስት እንደማለት ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ፣ በመግሪብ ሰዓት፣ ከኤዶ የልጅ ልጆች ጋር ተቀምጣ ቴምር ትበላለች። ቴምር ሃይማኖት የለውም ብዬ ፈቅጄ ነበር።

ከዚያ አንድ ማክሰኞ ልጄ ለማታ ጸሎት አልገባችም። በሩ ደፍ ላይ ጀርባዋን ሰጥታን ተቀመጠች። ረቡዕም እንደዚያው። ኩርፊያ ነው ብዬ ተውኳት። ሐሙስ ጠዋት የመሣሪያ ሣጥኔን ስከፍት ፊውዞቹ መሃል ጥቁር ክር አገኘሁ፤ የልጄ ማተብ ነው። ጠራኋት።

«ማነው ማተብሽን የበጠሰው?»

«እኔ።»

«ለምን?»

«ስለወጣሁ።»

«ከየት ነው የወጣሽው?»

«ከክርስትና። አንተ ነህ ያልከው።»

ነገሩን በጥያቄ አወጣሁት። ኤዶ ቤት ሳምቡሳ ነበር። እኛ ቤት ሳምቡሳ ማለት ምስር ነው፤ ልጄ ሌላ ዓይነት መኖሩን አታውቅም። አንዱን አንስታ ስትነክሰው ሥጋ ሆነ።

«ታዲያ አትተፊውም ነበር?»

«ኤዶ እያየችኝ ነበር። ነውር ነው።»

«አንድ ብቻ ነው የበላሽው?»

«አምስት።»

«አምስቱም ምስር መሰሉሽ?»

«የመጀመሪያው ነው የመሰለኝ። አራቱን የበላሁት ከወጣሁ በኋላ ነው። ከወጡ በኋላ ምን ለውጥ አለው?»

እንዲህ ጥርት ያለ ክርክር ከራሴ በቀር ከማንም አፍ ሰምቼ አላውቅም፤ ልጄ መሆኗን ያን ጊዜ ማንም ሊክደኝ አይችልም ነበር። ልስቅ አፌን ስከፍት ግን ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ «ከቤት የምወጣው መቼ ነው?» አለችኝ።

«ከየትኛው ቤት?»

«ከእዚህ። ኤዶን ጠይቄያታለሁ፤ የምተኛበት ቦታ አለ ብላኛለች።»

የስምንት ዓመት ልጅ የእኔን ስብከት አምና ማደሪያ ፈልጋ ነበር።

ቀልዴን ነው አልኳት። እሑድ አትቀልድም አለችኝ። ግድ የለም፣ እኔ እመልስሻለሁ አልኳት። «አንተ ቄስ አይደለህም፤ እማዬ ነግራኛለች» አለች። ያን ቀን ሁለት የሽቦ ሥራ ትቼ መጽሐፉን ገለጥኩ። ሐዋርያው ስለ ሥጋ የጻፈው ሁሉ ከእኔ ስብከት ጋር የተጣላ ነበር። ምግብ ወደ እግዚአብሔር የሚያቀርብም የሚያርቅም አለመሆኑን፣ በመብል ምክንያት ታናሹን ማሰናከል ግን ክፉ መሆኑን ሰውዬው ከእኔ በፊት ደርሶበታል። ደስ አላለኝም። ቢሆንም ልጄን አስቀምጬ አነበብኩላት፣ አብራራሁላት፣ ሁለት ሰዓት ያህል ተናገርኩ።

ስጨርስ «ያን እሑድ ይህን አላነበብከውም ነበር?» አለችኝና ተመልሳ ደፉ ላይ ተቀመጠች።

ባለቤቴ ወጥ ቤት ሆና ሁሉንም ሰምታለች። «አንተ ሰውዬ፣ ሽቦ ሲበጠስ ለሽቦው ትሰብክለታለህ?» አለችኝ።

«አልሰብክም።»

«ታዲያ ተነስና ቀጥለው።»

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የልጄን እጅ ይዤ ፍርስራሹን ተሻገርኩ። ጎረቤቴ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ አዛኑን ትጠብቃለች፤ ፊት ለፊቷ ሳምቡሳ ተቆልሏል።

«እትዬ፣ ሥጋ የሆነው የትኛው ነው?» አልኳት።

ደነገጠች። «ወላሂ ኢንጂነር፣ ድሬዳዋ ያደግኩ ሰው ክርስቲያን ሥጋችንን እንደማይበላ ጠፍቶኝ አይደለም። ለእሷ የምስር ጠብሼ ለብቻው ሳህን አድርጌ ነበር። እነዚህ ልጆች ቀላቀሉት። ስትበላው እኮ የምስሩ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር የማያት።»

ይህንን አላሰብኩም ነበር። እኔ በልቤ እሷን ስከስ ስውል እሷ ለልጄ ጾም ብላ ምስር ቀቅላ ነበር።

«ልከስሽ አልመጣሁም። ልበላ ነው የመጣሁት» አልኳት።

«አንተ?»

«እኔ።»

አዛኑ ተሰማ። እሷ በቴምርና በውኃ ጾሟን ፈታች፤ እኔም እጄን ሰድጄ አንድ ሳምቡሳ አነሳሁ፣ በስመ አብ ብዬ ነከስኩት። የፍየል ሥጋ ነው፣ ከቃሪያና ከሽንኩርት ጋር። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ይህን ነገር ስሸሽ መኖሬ ያን ጊዜ አናደደኝ። ሁለተኛውን አነሳሁ፤ ሦስተኛው ለትምህርቱ አያስፈልግም ነበር፣ ግን በላሁት።

ጎረቤቴ በሻርፗ አፏን ሸፍና ትስቃለች። «እኔ ግን ያንተን አልበላም፤ እንዳትጠብቅ» አለችኝ። «ለፋሲካ የላክህልኝን ዶሮ ለድመት ነው የሰጠሁት።»

«አልጠየቅኩሽም» አልኳት። ስለ ዶሮዋ ግን ትንሽ ከፋኝ፤ ጥሩ ዶሮ ነበረች።

ልጄ አልሳቀችም። አፌን ትኩር ብላ ስታይ ቆየችና «ወጣህ» አለችኝ።

«ወጣሁ።»

«ታዲያ ማን ቀረ?»

«እናትሽ ብቻ።»

«እኛንስ ማን ያስገባናል?»

ሳህኑን ትቼ ከፊቷ ቁጢጥ አልኩ። «ልጄ፣ ያን እሑድ የተናገርኩት ከራሴ ነው። ማስወጣትም ማስገባትም የእኔ ሥራ አይደለም። መጀመሪያም የገባነው ባልበላነው ነገር አይደለም፤ እሱ ወዶን ነው። አምስት ሳምቡሳ ስለበላሽ አይተውሽም። እሱ ከአባትሽ ይሻላል።»

«ከአባትሽማ ይሻላል፣ አልሐምዱሊላህ» አለች ጎረቤቴ።

ልጄ ቀስ ብላ መጥታ አንገቷን ወደ እኔ አዘነበለች። ማተቡ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ሽቦ በምቋጥርበት ቋጠሮ አሰርኩላት፣ ያ ቋጠሮ ደግሞ ለማንም አይፈታም። ከዚያ ወደ ሳህኑ አየችና «አንድ ብቻ ልብላ?» አለችኝ።

«አይቻልም። ጾም ነው።»

«አንተ ሦስት በላህ እኮ።»

«እኔ ለሥራ ነው።»

ያን ጊዜ ሳቀች፤ በሦስት ቀን ውስጥ የመጀመሪያዋ ሳቅ። ፍርስራሹን ስንሻገር እጄን ለቃ ሮጠች። ለባለቤቴ ነገሩን እንዴት አሳምሬ እንደምነግራት መንገድ ላይ አዘጋጅቼ ነበር፤ ስደርስ ግን ልጄ ቀድማኝ በሩ ላይ ቆማለች።

«እማዬ፣ አባዬም በላ። ሦስት።»

ባለቤቴ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «በጾም?»

«በጾም» አልኩ።

«በሉ ሁለታችሁም እጃችሁን ታጠቡና ለጸሎት ግቡ» አለች።