የአው ሙሜ የዝናብ መጥረጊያ

ባለፈው ወር መኪናዬን ለቦሎ ምርመራ ሳዘጋጅ ድሬ ታይዋን ገበያ አጠገብ ካለ የመለዋወጫ ሱቅ ጎራ አልኩ። ሻጩ ልጅ አዲሱን የዝናብ መጥረጊያ ከማሸጊያው ሲያወጣው የጎማው ሽታ ከቀትሩ ሙቀት ጋር ተቀላቅሎ አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ። አሮጌውን በጣቱ ነካ ሲያደርገው ፍርፍር አለ።

“እህቴ፣ ይሄኮ ዝናብ ሳያይ ነው ያለቀው፤ ፀሐይ ነው የጨረሰው” አለኝ።

የሚለውን እየሰማሁ አልነበረም። የሱቁ በር ላይ እንደቆምኩ ሐሳቤ አው ሙሜ ጋ ሄዶ ነበር።

አው ሙሜ ለገሀሬ ሰፈር ሳለን የግድግዳ ጎረቤታችን ነበር። ድሬ ላይ “አንቱ” ብዙም አይሰማም፤ እኛ የጎረቤት ልጆችም “አው” ብለን እያከበርነው፣ አንተ እያልነው ነው ያደግነው። ጢሙን በሂና ያቀላል። ከሥራ ሲመለስ ሱሪውን አውልቆ ሽርጥ ያገለድምና ደጃፉ ላይ ባለችው የዛፍ ጥላ ይቀመጣል። ፔጆ ታክሲው የቤንዚንና የማንጎ ሽታ ነበራት። የመቀመጫዋ ፕላስቲክ በፀሐይ ግሎ ጭናችንን ሲለበልበን እየተንጫጫን ቂጣችንን እናነሳለን፤ እሱ በመስታወቱ አይቶን ይስቃል። ካሴቱን ሲከፍት አንዴ ሶማልኛ፣ አንዴ ኦሮምኛ ይዘፈናል፤ አው ሙሜ ሁሉንም በአንድ ዜማ ነበር የሚያንጎራጉረው።

ድሬ ዝናብን እንደ እንግዳ ነው የምታየው። ስለዚህ ለዝናብ መጥረጊያ ደንታ ያለው ሾፌር አልነበረም። የአብዛኞቹ መኪኖች መጥረጊያ ጎማው አልቆ፣ ባዶ ብረቱ መስታወቱን እየጫረ ይቀራል። አው ሙሜ ግን የራሱን ነቅሎ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ቤት ያስቀምጠዋል። በደንገጎ ተራራ በኩል ሰማዩ ሲጠቁር ወይም ወደ ሐረር የሚወጣ መንገደኛ ሲያገኝ ብቻ አውጥቶ ይገጥመዋል።

የምርመራ ሰሞን ሲደርስ መዋዋስ ይጀመራል። ከአንዱ ደህና ጎማ፣ ከሌላው ፍሬቻ፣ ከአው ሙሜ ደግሞ መጥረጊያ። መኪናው ምርመራውን ያልፍና ዕቃው ከሰዓት በኋላ ለባለቤቱ ይመለሳል። አባቴ ከሐረማያ ድንችና ጎመን ወደ ቀፊራ ገበያ የሚያመላልስባት አሮጌ ፒካፕ ነበረችው፤ እሷም በየዓመቱ የምታልፈው በተዋሰችው ነበር። ማንም እንደ ማታለል አልቆጠረውም። እናቴ ከአው ሙሜ ሚስት ከመሬማ ወንፊት እንደምትዋሰው ሁሉ ጉርብትና ነበር የሚመስለን።

የዘኪ ነገር እስኪመጣ ድረስ።

ዘኪ ወደ ሐረር ሚኒባስ የሚነዳ፣ ሳቅ የማይጠፋው ወጣት ነበር። እሱም እንደ ሌላው መጥረጊያውን ተዋሰ፣ አለፈ፣ አመስግኖ መለሰ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ከሰዓት ከሐረር ሲመለስ ደንገጎ ላይ ጉምና ዝናብ አብረው ያዙት። በአንድ እጁ መሪውን ይዞ፣ ሌላውን በመስኮት አውጥቶ መስታወቱን በጨርቅ እየጠረገ ሲወርድ መታጠፊያው ጠፋው። እሱም ሌሎቹ ተሳፋሪዎችም ተጎድተው ተረፉ። ከፊት ወንበር የተቀመጠችው ዘሃራ ግን ሞተች። ዘሃራን ሁላችንም እናውቃታለን፤ ቀፊራ በር ላይ ለውዝ የምትሸጥ፣ ስንገዛት ጭብጥ አድርጋ ምራቂ የምትጨምርልን ሴት ነበረች። ፈትያ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻት፤ የኔ እኩያ።

አው ሙሜ ከቀብር ሲመለስ ታክሲዋን ደጅ አቁሞ ብዙ ጊዜ ሳይወርድ ተቀመጠ። መሬማ ሁለቴ ወጥታ ጠራችው። ከዚያ በኋላ ካሴቱ ሲከፈት አልሰማሁም።

ዓመቱ ዞሮ የምርመራ ሰሞን ሲመጣ አባቴ እንደ ልማዱ ሄደ። እኔ ግቢያችን ውስጥ ልብስ አሰጣ ነበር፤ ንግግራቸው በአጥሩ በኩል ይሰማኛል።

“ሙሜ፣ ተራዬ ነገ ነው። መጥረጊያውንና አንድ ጎማ ስጠኝ፤ ከሰዓት እመልስልሃለሁ።”

“አላውስም።”

አባቴ ቀልድ መስሎት ሳቀ። “አቦ፣ ተው እንጂ!”

“ወላሂ አላውስም፣ ታደሰ። ላንተም ለማንም።”

ከዚያ አባቴ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ “ዘሃራን አንተ ገደልካት ያለህ ሰው አለ?” አለው።

“ማንም አላለኝም።” የአው ሙሜ ድምፅ ዝቅ ያለ ነበር። “መጥረጊያው እኔ ቤት ነበር፣ ታደሰ። ያን ቀን፣ ያ ሁሉ ዝናብ ሲወርድ፣ እኔ ቤት በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጦ ነበር።”

አባቴ ትቶት ወጣ። ቤት ገብቶ፣ “በሰው ሞት አመካኝቶ ወንድሙን ከደጅ የሚመልስ ሰው ሆነ” እያለ ሲቆጣ አመሸ።

ሌሎቹም ሾፌሮች እንደ አባቴ ተቀየሙት። ታክሲ ተራው ላይ ሰላምታው ቀዘቀዘ። አብረውት ጫት የሚቅሙት ሰዎች ሌላ ቤት መሰብሰብ ጀመሩ፤ እሱ ብቻውን ከዛፉ ሥር ይቀመጣል። እናቴና መሬማ ግን አልተኳረፉም፤ በረመዳን ሳምቡሳው፣ በፋሲካ ዳቦው በአጥሩ ላይ መሻገሩን ቀጠለ። አባቴ ሳምቡሳውን ከየት መጣ ሳይል ይበላል።

ፒካፗ ለምርመራ ሳትቀርብ ቀረች፤ ደጃችን ቆማ አቧራ ለበሰች። ከዚያ አንድ ዓርብ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ አው ሙሜ የመፍቻ ሣጥኑን አንጠልጥሎ መጣ። አላንኳኳም። ማዳበሪያ አንጥፎ መኪናችን ሥር ገባና ከዚያው ሆኖ ተጣራ።

“ታደሰ! ና ውጣ፣ ፍሬኑን እንየው።”

አባቴ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ነበር፤ አልተነሳም። እናቴ አየችው። የመዶሻው ድምፅ ሲደጋገምበት ግን ጫማውን አጥልቆ ወጣ።

ጎማው ሲወልቅ ሁለቱም ጎንበስ ብለው አዩ። የፍሬኑ ሸራ አልቆ ብረት ከብረት ሲፋጭ ኖሯል። አባቴ መኪናዋ ከመቆሟ በፊት በነበረው እሑድ እናቴን፣ እኔንና ታናሽ ወንድሜን በዚያች መኪና ቁልቢ አድርሶ መልሶናል። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት። ጎማው ላይ ቁጭ አለና ዘይት በነካው እጁ ግንባሩን ያዘ። አው ሙሜ “አላልኩህም?” አላለውም። “መፍቻውን አቀብለኝ” ብቻ ነበር ያለው።

ብዙ ቀን ሠሩባት። ሸራው ተቀየረ፣ የሚያፈስሰው የፍሬን ዘይት ቱቦ ተተካ፣ የመብራቱ ሽቦ ተበጣጥሶ እንደገና ተቀጠለ። በመጨረሻ አው ሙሜ ገና ካልተከፈተ ማሸጊያ አዲስ መጥረጊያ አውጥቶ ገጠመ፤ ከዚያ በጀበና ውኃ መስታወቱ ላይ አፍስሶ አስኬደው። ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ አለ፤ መስታወቱ ጠራ።

“ይሄ ያንተ ነው፤ አይመለስም” አለው።

ያ ሁሉ ተደርጎ መኪናዋ በመጀመሪያው ቀን ምርመራውን ወደቀች፤ የጥሩምባዋን መበላሸት ማንም ልብ አላለውም ነበር። ሁለቱ እየተሳሳቁ ሲመለሱ መሬማ ከደጅ ሆና እልል አለች፤ አልፋ መስሏት። በማግስቱ ጥሩምባዋ ተሠርቶ አለፈች። በሚቀጥለው ዓመት አንድ ሁለት ሾፌሮች መኪናቸውን ይዘው ወደ ዛፉ ጥላ መጡ። ሁሉም አልመጡም፤ መዋዋሱን የቀጠሉበት ነበሩ።

ፈትያ ከእናቷ ሞት በኋላ ገንደ ቆሬ ሰፈር አክስቷ ዘንድ ነበር የምትኖረው። አው ሙሜ ጠዋት የመጀመሪያ ተሳፋሪውን ከመጫኑ በፊት እሷን ትምህርት ቤት ሊያደርስ አክስቷ ደጅ ይሄዳል። እኔም ከሰፈር ስለምሳፈር ከፊት ወንበር አብሬው አለሁ። ፈትያ መጀመሪያ አካባቢ ከፊት ወንበር መቀመጥ አትወድም ነበር፤ ከኋላ ጥግ ይዛ ትሄዳለች። እሱም ወደ ፊት ነይ አላላትም። ዝናብ የጣለ ቀን የታክሲዋን ፍጥነት ከእግረኛ ያሳንሰውና፣ “አንዘገይም፣ አይዟችሁ” ይለናል፤ እንዘገያለን። ትምህርት ቤት በር ላይ ወርዶ ለዘበኛው፣ “ጥፋቱ የኔ ነው” ይላል። እኛ ስለ መዘግየታችን የሚያወራ ይመስለን ነበር።

ጥፋተኛ ነበር ብዬ አላምንም። ዘኪም በኋላ፣ “መጥረጊያ የመግዛት ድርሻው የኔ ነበር” ሲል ሰምቼዋለሁ። አው ሙሜ ግን ከማንም ጋር አልተከራከረበትም።

የሞተው እኔ ከድሬ ውጭ ስማር ነው። ስደርስ ቀብሩ አልፎ ነበር። ለቅሶ ቤቱ በሴቶች ሞልቷል፤ መሬማ ከግድግዳው ተጠግታ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ፈትያ ሐረር አግብታ ስለነበር ከኔ ትንሽ ዘግይታ ገባች፤ ሕፃን አዝላ፣ ዓይኗ አብጦ። በሩ ላይ ቆማ የምትቀመጥበት ስትፈልግ ከገጠር የመጣች አንዲት ዘመድ ወደ መሬማ ጎንበስ ብላ፣ “ይቺ ደሞ የማን ናት?” ብላ ጠየቀች።

መሬማ ሕፃኑን ለመቀበል እጇን ዘረጋች።

“የሙሜ ናት” አለችና ከጎኗ ቦታ ለቀቀችላት።